የኮሎራዶው አገረ ገዥ ራልፍ ካር በአማርኛ ሊጻፍላቸው ይገባል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ አሜሪካ ፖለቲካ በሚያወጣቸው ጽሑፎች ፕሬዚዳንቱና ኮንግረሱ ሰፊውን ቦታ ሲይዙ፣ አገረ ገዥዎች የሚነሡት ምርጫ ሲደርስ ብቻ ነው። በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ግን ብዙ ነን፤ ዜግነት ወስደን ድምፅ የምንሰጠውም ጥቂት አይደለንም። ስለዚህ አንድ አገረ ገዥ ሥልጣኑ እስከ የት እንደሚደርስና በዚያ ወሰን ውስጥ ሆኖ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚያሳየውን የራልፍ ካርን ታሪክ በሰፊው እንድታቀርቡልን እጠይቃለሁ።

ካር በ1887 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተወልደው ያደጉት በኮሎራዶ የማዕድን መንደሮች ነው። ሕግ ተምረው አንቶኒቶ በምትባል ትንሽ ከተማ በጥብቅና ሲሠሩ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነዋሪዎችን በቋንቋቸው ያነጋግሩ ነበር። በ1938 አገረ ገዥ ሆነው የተመረጡት የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን የኢኮኖሚ መርሐ ግብር የሚቃወሙ ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ሆነው ነው። ይህን የምጠቅሰው፣ በኋላ የወሰዱትን አቋም ለአንድ ፓርቲ ብቻ መስጠት ስለማይቻል ነው።

ጃፓን በዲሴምበር 1941 ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፌብሯሪ 1942 በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆች ከፓስፊክ ዳርቻ ተነሥተው ወደ ማጎሪያ ሰፈሮች ተወሰዱ። ከእነዚህ ሰዎች ከሦስት እጅ ሁለቱ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። የአብዛኞቹ ምዕራባውያን ግዛቶች መሪዎች ሰዎቹ ወደ እነሱ እንዳይመጡ፣ ከመጡም በጥበቃ ሥር እንዲሆኑ ሲጠይቁ፣ ካር ሁለት ነገር አጥብቀው ተናገሩ። የመጀመሪያው፣ ጦሩ ለጦርነቱ አስፈላጊ ነው ካለ ኮሎራዶ የድርሻዋን ትቀበላለች የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ማንም ዜጋ ሳይከሰስና ሳይፈረድበት በዘሩ ብቻ ሊታሰር እንደማይገባና ሕገ መንግሥቱ ይህን እንደማይፈቅድ ነው። በቁጣ የተሞላ ሕዝብ ፊት ቆመውም፣ እነሱን የሚነካ አስቀድሞ እኔን ይንካ እስከ ማለት ደርሰዋል። የዛቻ ደብዳቤ እየጎረፈላቸው እንኳ ይህን ቃላቸውን አላጠፉም።

ሆኖም ስለ ካር በሚነገረው ውዳሴ ውስጥ አንድ ነገር ሲድበሰበስ አያለሁ። በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ፣ በግራናዳ ከተማ አጠገብ የተሠራው የአማቺ ሰፈር በእሳቸው ዘመን ተከፍቶ ከ7,000 በላይ ሰዎች በእሾህ ሽቦ ውስጥ ኖረውበታል። ሰፈሩ በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ስለነበር አገረ ገዥው ሊዘጉት አይችሉም ነበር፤ አልሞከሩምም። በእኔ እምነት የካር ክብር ሰፈሩን ያስቆሙ አስመስሎ በማቅረብ አይጨምርም። የቀራቸው ንግግርና የግዛቲቱ በር ብቻ በነበረበት ሰዓት፣ ንግግራቸውን አላለዘቡም፣ በሩንም አልዘጉም።

በ1942 መጨረሻ ለሴኔት ተወዳድረው በኤድዊን ጆንሰን በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ። ጆንሰን ራሳቸው አገረ ገዥ በነበሩበት በ1936 የሜክሲኮ ሠራተኞች እንዳይገቡ በግዛቲቱ ደቡባዊ ወሰን ወታደር ያቆሙ ሰው ናቸው። ካር በ1950 ዳግም ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩ ምርጫው ሳይደርስ አረፉ። ኮንግረስ በ1988 በይፋ ይቅርታ ጠይቆ በማጎሪያ ሰፈሮቹ ታስረው ከነበሩት በሕይወት ለተገኙት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ ሲወስን ካር ይህን አላዩም። ዛሬ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያስችልበት ሕንፃ በስማቸው ይጠራል።

ከእኛ መካከል የዜግነት ወረቀት ካገኘን በኋላ ስለ አገረ ገዥ ማንነት መጨነቅ የማያስፈልግ የሚመስለን አለን። አማቺ የገቡት አብዛኞቹ ሰዎች ግን ዜግነታቸውን በትውልድ ያገኙ ነበሩ። ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ የአገረ ገዥነት ዕጩዎችን ሲያነጋግሩ ስለ ግብርና ስለ መንገድ ከሚያቀርቡት ጥያቄ ጋር፣ የፌዴራል መንግሥቱ ነዋሪዎችን በትውልዳቸው ለይቶ ልውሰድ ቢል ምን እንደሚያደርጉ በግልጽ ይጠይቁልን፤ መልሳቸውንም ሳታሳጥሩ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ