ከወሊድ በኋላ ለሚታሰር የሆድ ቀበቶ የቀረበ ቅሬታ

ለአስመጪና አከፋፋይ ድርጅቱ የሽያጭ ክፍል

ጉዳዩ፦ ልኩ ከመለያው ጋር የማይገጥም የሆድ ቀበቶ እንዲቀየርና የአጠቃቀም ወረቀቱ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ለእናቶች ክፍላችን ካቀረባችኋቸው 40 የሆድ ቀበቶዎች ውስጥ «ላርጅ» የሚል የተለጠፈባቸውን 16ቱን እንመልሳለን። የቀሩትንም ከነወረቀታቸው ለአራስ መስጠት አልቻልንም።

መለያው «ከ95 እስከ 110 ሳ.ሜ» ይላል። ቀበቶው ግን ሳይለጠጥ 88 ሳ.ሜ ብቻ ነው። የሆድ ዙሪያዋ 110 ሳ.ሜ ለሆነች እናት ቬልክሮው (ተጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ) ቢያንስ 10 ሳ.ሜ ተደራርቦ እንዲይዝ 120 ሳ.ሜ መድረስ አለበት። ይህ ማለት ላስቲኩ ከርዝመቱ ሲሶ በላይ ይለጠጣል ማለት ነው፤ እንዲህ የተወጠረ ቀበቶ መደገፉ ቀርቶ ያፍናል። መደራረቢያው ሲያንስ ደግሞ ስትቀመጥ ወይም ስታስል ተላቆ ይከፈታል። ወረቀቱም «ከእርግዝና በፊት በሚለብሱት ቁጥር ይምረጡ» ማለቱ ነገሩን አብሶታል። ልክ የሚወሰደው ከወሊድ በኋላ ነው፤ እምብርት ላይና ዳሌው በሰፋበት ቦታ በሜትር ተለክቶ ትልቁ ቁጥር ይያዛል።

ወርዱ ሁሉም 30 ሳ.ሜ ነው። ቁመቷ አጠር ያለች እናት ስትቀመጥ የላይኛው ጠርዝ ጎድን አጥንቷን ይገፋል፤ የታችኛው ይታጠፍና በቀዶ ሕክምና ከወለደች ስፌቷ ላይ ይፈገፍጋል። ከፊት የተሰፉት የፕላስቲክ ዘንጎች ጫፍም ጨርቁን ወግቶ ይወጣል። ላስቲኩ ላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ይኑርበት አይኑርበት ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም፤ አለርጂ ላለባት ይህ ግድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ወረቀቱ ነው። «የቻሉትን ያህል አጥብቀው 24 ሰዓት ይታሰሩ» ይላል። ሆድ ከላይ ሲታነቅ ግፊቱ ወደ ታች ይሄዳል፤ በእርግዝናና በምጥ የላላውን የዳሌ ወለል ጡንቻ (ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፎ የሚይዘውን) ይጫነዋል። ሽንት የሚያመልጣት ይብስባታል፤ ማህፀኗ የወረደባትም እንዲሁ። እናቶቻችን የሚታጠቁት መቀነት እንኳ ሲጠብቅ ይላላል፤ ይህ ላስቲክ ራሱን አያላላም።

በምትኩ እንዲህ ይጻፍ፦ ቀጭን የጥጥ ካናቴራ ለብሰው በጀርባ ይተኙ፤ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ። መጀመሪያ በዳሌ አጥንት ዙሪያ፣ ከዚያ ወደ ላይ እያላሉ ቀበቶውን ይሰሩት። ሁለት ጣት በቀላሉ መግባት፣ ትንፋሽም እስከ ሆድ መውረድ አለበት። ቀን ሲንቀሳቀሱ ለጥቂት ሰዓት ይታሰሩ፤ ሲተኙ ይፍቱ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ቃር ከበዛ ወይም እግር ከደነዘዘ ወዲያው ይፍቱ፤ ስፌቱ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ፈትተው ሐኪም ያሳዩ። ሲያጥቡት ቬልክሮውን ዘግተው ለብ ባለ ውኃ በእጅ ይጠቡ፤ በረኪና አይንካው።

«በ2 ሳምንት ቦርጭ ያጠፋል» የሚለው ይሰረዝ። ማህፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ 6 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ቀበቶ አያፈጥነውም። በእርግዝና መሃሉ የተከፈተ የሆድ ጡንቻም በቀበቶ ብቻ አይገጥምም። የቀበቶው ጥቅም ሌላ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች ስትነሳ፣ ስትራመድና ስታስል ሆዷን ይደግፍላታል። ይህን ብቻ ብትጽፉ ይሸጥላችሁ ነበር።

ስለዚህ በ15 ቀን ውስጥ 16ቱ ቀበቶዎች በትክክለኛ ልክ፣ ግማሾቹም ከ20 እስከ 25 ሳ.ሜ ወርድ ባላቸው እንዲቀየሩልን፣ ለቀሩት 24ቱም የታረመ ወረቀት እንዲላክልን እንጠይቃለን። ይህ ካልሆነ የከፈልነው ይመለስልን።

ከሰላምታ ጋር
የእናቶች ክፍል አዋላጅ ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች