ውሃውን በጠብታ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። አጠገቤ ቁጭ ብላ የምጽፈውን እያነበበች ነው፣ ስለዚህ ስለ እሷ መጥፎ ነገር አልጽፍም።

ትናንት ማታ የላክሽውን ፎቶ አየሁት። አጉልቼ ደግሜ አየሁት። ከዚያ ለእናትሽ አሳየኋት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለታችንም ሳቅን። ሮያል አይሲንጉ፣ ያ ኩኪስ ላይ ደርቆ የሚጠነክረው የስኳር ቅብ፣ ከኩኪሱ ጠርዝ አልፎ እንደገነፈለ ወተት ትሪው ላይ ተኝቷል። ኮከብ ያልሽው ነገር ኮከብነቱ የታወቀን አንቺ ስለነገርሽን ነው። ከሥሩ ደግሞ «አባዬ፣ ልኩን ብቻ ላክልኝ» ብለሻል።

ልኩን ስልኬ ላይ ጽፌው ነበር። አንድ መስመር ነው። ልልከው ስል ተውኩት። ያንን ብቻ ብልክልሽ በሚቀጥለው ሳምንትም የምታሳዪኝ ያንኑ የገነፈለ ወተት ነው። ያንቺ ችግር ልኩ አይደለም፣ ውሃው ነው። የውሃው ነገር ደግሞ በቴክስት አያልቅም።

ለማንኛውም ልኩ ይኸው። 450 ግራም የዱቄት ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሜሪንግ ፓውደር፣ ከ5 እስከ 6 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ። ሜሪንግ ፓውደር የደረቀ የእንቁላል ነጭ ነው፣ ስኳርና ስታርች ተቀላቅሎበት ይሸጣል። እሱ ከሌለ የ2 ትልልቅ እንቁላል ነጭ ለዚያው ስኳር ይበቃል። ያኔ መጀመሪያ ላይ ውሃ አትጨምሪም፣ ነጩ ራሱ ከመቶ 90 እጁ ውሃ ነው። እኔ ድሮ የምሠራው በእንቁላሉ ነበር፣ አሁን ግን ትቼዋለሁ። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ይህ አይሲንግ ደግሞ እሳት አያየውም። ያንቺን ኩኪስ የሚበሉት ሕፃናት ናቸው፣ ጓደኛሽም ነፍሰ ጡር ናት ብለሽኛል። ስለዚህ ወይ ፓውደሩን፣ ወይ ፓስቸራይዝ የተደረገውን (ጀርሙ በሙቀት የተገደለውን) ነጭ ተጠቀሚ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ስኳሩን በወንፊት ሁለት ጊዜ ንፊው። አንዴ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ አይበቃም። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ ብትቀር መስመር ስትስዪ መሃል ላይ የመጭመቂያ ከረጢቱን ጫፍ ቀዳዳ ትደፍናለች። አንቺ ትጨምቂያለሽ፣ እሷ እምቢ ትላለች። አጥብቀሽ ስትጨምቂ ፓ! ብላ ኩኪሱ ላይ ትተፋብሻለች። ይህ እኔ ላይ ስንት ጊዜ እንደደረሰ እናትሽን ጠይቂያት።

የምትመቺበት ሳህን የብርጭቆ ወይም የብረት ይሁን። ፕላስቲክ ቢታጠብም ቅባት ይይዛል። የእንቁላል ነጭ ሲመታ አየሩን አቅፎ የሚይዘው በውስጡ ያለው ፕሮቲን ነው። ቅባት መሃል ከገባ ያ መተቃቀፍ ይፈርሳል። አስኳል ጠብ ካለበትም ያው ነው። ለማጣፈጫ ዘይትነት ያለው ነገር አትጨምሪበት። ቫኒላ ከፈለግሽ ቀለም የሌለውን፣ ቡናማው ነጩን ያደፈርሰዋልና።

ሚክሰሩን በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በጠፍጣፋው መምቻ። ከ7 እስከ 10 ደቂቃ። መምቻውን ስታነሺው ጫፉ ቀጥ ብሎ ከቆመና ማብረቅ ከጀመረ አጥፊው። «ትንሽ ልጨምርበት» አትበዪ። ከልክ በላይ ከተመታ አየር ይሞላዋል። ሲደርቅ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ስትነኪውም ይፈረፈራል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ።

ያደረግሽውን ሳላይ አውቀዋለሁ። አይሲንጉ ወፈረብሽ። በማንኪያ ውሃ ጨመርሽ። አሁንም ወፍራም ነው። ደገምሽ። ሦስተኛው ላይ ድንገት ቀጠነ። ልክ ነኝ? ይህ ነገር የሚያታልለው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ምንም እንዳልገባበት ውጦ ዝም ይላል። ከዚያ አንድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሁሉን ነገር ይገለብጠዋል። ስለዚህ ማንኪያውን ተዪው። ውሃ የሚረጭ ትንሽ ጠርሙስ ያዢ፣ የፀጉር መርጫሽ ዓይነት። አንዴ ወይም ሁለቴ ርጪ፣ በእጅሽ ቀስ ብለሽ አማስዪ፣ እዪው። እንደገና ርጪ፣ አማስዪ፣ እዪው።

መለኪያው የቢላ ጫፍ ነው። መሃሉን ሰንጥቂውና ስንጥቁ ጠፍቶ ላዩ ለጥ እስኪል ሰከንድ ቁጠሪ። 10 ሳትደርሺ ከጠፋ ቀጥኗል፣ ይፈሳል። ከ10 እስከ 15 ከሆነ ለመሙያ፣ ማለትም የመስመሩን ውስጥ ለመሙላት፣ ልክ ነው። ለጠርዙ መስመር ግን ከ20 በላይ ይሁን። አቆጣጠርሽ ታዲያ ድብብቆሽ ላይ እንደነበረው አይሁን። ያኔ ከ3 ወደ 8 ነበር የምትዘይው።

ሌላው ስህተትሽ ሁሉንም በአንዴ ማቅጠንሽ ነው። ሲሶውን ወፍራም እንደሆነ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ። ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በስስ ፕላስቲክ አልብሺው፣ ፕላስቲኩ አይሲንጉን ራሱን ይንካው። አየር ካገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ቅርፊት ያወጣል። አንዱ ከቀጠነብሽ ከዚህ አንድ ማንኪያ ትመልሺበታለሽ። ደረቅ ስኳር ከመጨመር ይህ ይሻላል፣ ስኳሩ ቋጠሮ ይዞ ይመጣል።

መስመሩን ስትስዪ እጅሽን ላሳይሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን አልተገናኘንም። በወረቀት ልሞክር። ከረጢቱን ከግማሽ በላይ አትሙዪ። አፉን ጠምዝዢና ጥምዙን በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሃል ያዢው። አንቺ ግራኝ ስለሆንሽ የምትጨምቂው በግራሽ ነው፣ የቀኟ ሌባ ጣት ጫፉን ትመራለች። ጫፉን ኩኪሱ ላይ አስነኪ። መጨመቅ ጀምሪና ወዲያው ብድግ አድርጊው፣ አንድ ሁለት ሴንቲ ያህል። አይሲንጉ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ይወጣል። እጅሽ ወደፊት ይሄዳል፣ ክሩ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ይተኛል። መስመሩን አትስዪውም፣ ታስተኚዋለሽ። ማዕዘን ጋ ልትደርሺ ስትዪ መጨመቅ አቁሚ፣ ዝቅ በዪ፣ አስነኪ። ክሩ ከተበጠሰ ፈጥነሻል ወይም ወፍሯል። ከተጠማዘዘ ብዙ ጨምቀሻል። ጫፉን ኩኪሱ ላይ እየጎተትሽ ከሄድሽ ደግሞ መስመሩ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፊርማ ይመስላል። መጀመሪያ የኬክ ወረቀት ላይ ተለማመጂ። ፍቀሽ ሰብስቢና መልሰሽ ከረጢቱ ውስጥ ክተቺው፣ አይባክንም።

መሙላቱ ቀላል ነው። መስመሩ ትንሽ ደቂቃ ይጠብቅሽ። ከዚያ የቀጠነውን አፍሺበት፣ ግን እስከ ጠርዙ ድረስ አትሂጂ። የቀረውን በስቴኪኒ እያዞርሽ ግፊው። ኩኪሱን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ግራ ቀኝ ነቅነቅ ስታደርጊው ራሱ ለጥ ይላል። የአየር አረፋ ብቅ ይላል፣ ያኔውኑ ውጊው። ትንሽ ቆይተሽ ከነካሽው ቆዳ አውጥቶ ይጠብቅሻል፣ ይቀደዳል። ገና እርጥብ እያለ በሌላ ቀለም ነጠብጣብ ጣል ጣል አድርጊና ስቴኪኒውን በነጠብጣቦቹ መሃል ከላይ ወደ ታች ሳቢው። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ልብ ትሆናለች። ብዙ የተለፋበት ይመስላል፣ ግን 10 ሰከንድ አይፈጅም። ለማንም አትንገሪ። ሁለቱ ቀለሞች ግን ውፍረታቸው እኩል ይሁን።

ሰባት ዓመት የሞላሽ ዕለት ትዝ ይልሻል? አይመስለኝም። 24 ቢራቢሮ ሠርቼ ነበር። ሮዝ ክንፍ፣ ነጭ ጠርዝ፣ ጥቁር አካል። ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ሰዓት ካደረቅኩ በኋላ በጣቴ ነካሁት፣ ደርቋል። ደስ ብሎኝ ደራርቤ ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው። ጠዋት ሳጥኑን ስንከፍት 24ቱም አንድ ሆነዋል። ሮዙ ከሮዙ ተጣብቋል፣ ጥቁሩ ነጩ ላይ ሄዷል። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። አንቺ ግን አንገትሽን ወደ ሳጥኑ አስግገሽ አየሽና «አባዬ፣ ቢራቢሮዎቹ ተቃቀፉ» አልሽኝ። በማንኪያ እየፈነቀልን በላናቸው።

የሆነው እንዲህ ነው። ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ግን ገና አልወጣም። ክዳን ስትከድኚበት መውጫ ያጣና የደረቀውን ላይ መልሶ ያረጥበዋል። ስለዚህ ሳትከድኚ ሌሊቱን ሙሉ አሳድሪው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ አየሩ እርጥበት ካለው አንድ ሙሉ ቀን። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢው፣ ሲወጣ ያልበዋል። እዚያው ኪችን ውስጥም ማሰሮ አታንተክትኪ። ቬንትሌተር ካለሽ በዝቅተኛው ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ክፈቺበት። ላዩ ቶሎ ስለሚይዝ ያብረቀርቃል። እንደ ዓይንና ቁልፍ ያሉ ትንንሽ ነገሮችም መሃላቸው አይሰረጉድም።

ቀለሙ ጄል ይሁን። ፈሳሹን ቀለም ከጨመርሽ ውሃ ጨመርሽ ማለት ነው፣ ከላይ የለፋነው ሁሉ ገደል ገባ። በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ነክተሽ ጀምሪ። ቀለሙ እያደር ይደምቃል፣ በተለይ ቀይና ጥቁር። «ገና ነው» እያልሽ ከጨመርሽበት ነገ ምላስ የሚመር ነገር ይሆናል። ማታ አዋህደሽ ከድነሽ አሳድሪው፣ ጠዋት የምታዪው ትክክለኛው ነው። ከነጭ አጠገብ ጥቁር ከፈለግሽ ነጩ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ካልሆነ የቢራቢሮዎቹ ዕጣ ይደርሰዋል።

«ለምንድን ነው እንደ ድንጋይ የሚጠነክረው?» ብለሽኛል። ሥራው ነዋ። ውሃው ሲተን ስኳሩ መልሶ ክሪስታል ይሆናል። ሮያል የሚለውን ስም ብዙ ሰው ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ሠርግ ጋር ያያይዘዋል። እሷ ያገባችው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው። ኬኳ 300 ፓውንድ፣ ማለትም 136 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር ይባላል። በዚያ ዘመን በደንብ የተጣራ ነጭ ስኳር ውድ ስለነበር ነጭ ሽፋን ማለት «አለኝ» ማለት ነበር። ለኬክ ሲሆን እንዲለሰልስ ግሊሰሪን ጠብ ያደርጉበታል። አንቺ ግን አትጨምሪ። ኩኪስሽ ተደራርቦ መኪና ውስጥ ሊንገላታ ነው፣ ይጠንክር።

ኩኪሱን እናትሽ ካስተማረችሽ እኔ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ፣ ሊጡ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው፣ ቅርጹን ካወጣሽ በኋላም ፍሪጅ ገብቶ ይቀዝቅዝ። ቤኪንግ ፓውደር አታብዢ፣ ኮከቡ ይነፋና ድንች ይሆናል። ከኦቨን ሲወጣ ደግሞ እስኪበርድ ድረስ አትንኪው። ለብ ያለ ኩኪስ ላይ አይሲንግ ይቀልጣል። (እናትሽ «አንድ ነገር ብቻ አላልክም ወይ?» እያለችኝ ነው።)

ኩኪሱን የምትሠሪለት ልደት ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ጋግሪ፣ ቀለሙንም ሐሙስ ማታ አዋህጂ። ዓርብ ጠዋት መስመርና መሙያ። ዓርብ ማታ ዓይኑን፣ ጽሑፉን፣ ነጠብጣቡን። ሌሊቱን ይደር። 30 ኩኪስ ነው ያልሽው፣ 36 ጋግሪ። የሚሰበር አለ፣ «እስኪ ልቅመሰው» የሚል ባልም አለ።

ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ቁጥር 2 የሆነችውን የከረጢት የብረት ጫፌን በጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቢራቢሮዎቹን የሠራሁባት ናት። ከተጠቀምሽ በኋላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣያት፣ ስኳሩ ራሱ ይለቃል። በመርፌ እንዳትጎረጉሪያት። አፏ ከተጣመመ መስመሩም ጠማማ ነው የሚወጣው።

አባትሽ