የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከወተት ጣሳው የወጡ ወረቀቶች

ክበባችን በዚህ ዓመት እንደወትሮው ችግኝ አፍልቷል፣ የግቢውን ጽዳት አስተባብሯል፣ ሁለት ጊዜም ወደ መናገሻ ሱባ ደን ተጉዞ በድንኳን አድሯል። ስለ ችግኙና ስለ ጽዳቱ በሰልፍ ላይ በየጊዜው ስለተነገረ እዚህ አልመለስበትም። ይህ ዘገባ የሚያተኩረው በሁለቱ የአዳር ጉዞዎች፣ በተለይም በመጀመሪያው የሠራናቸውን ስሕተቶች ተማሪዎቹ እንዴት አድርገው እንዳሳወቁን ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ በኅዳር መጨረሻ ነበር። የሱባ ደን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከፍታው 3,385 ሜትር በሚደርሰው የወጨጫ ተራራ ጎን የሚገኝ ሲሆን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው የሐበሻ ጥድ እንዳስተከሉበት ይነገራል። ሁለት ሌሊት አድረን፣ ጉሬዛ ቆጥረን፣ የጥድና የኮሶ ቅጠል ሰብስበን ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ቆሜ «ጉዞው እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። «በጣም አሪፍ ነበር!» አሉኝ ሁሉም በአንድ ድምፅ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ። ምግቡን ያስገዛ፣ ድንኳኑን ያስተከለ መምህር ፊት ለፊት ቆሞ ሲጠይቀው፣ በይሉኝታ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊመልስ እንደሚችል ያን ዕለት አላሰብሁም።

ከሳምንት በኋላ የክበቡ ጸሐፊ የሆነችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ስም የማይጻፍበት ወረቀት እንድናድል ሐሳብ አቀረበች፤ እኔ ያዘጋጀኋቸውን ጥያቄዎችም ሰርዛ በራሷ ተካቻቸው። «ጉዞውን ወደዳችሁት?» የሚለው ቀርቶ «ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃችሁ፣ ለምን?»፣ «ሳትበሉ ያለፋችሁት ምግብ የትኛው ነው?»፣ «ፈርታችሁ የተዋችሁት ነገር ምንድን ነው?» የሚሉ ገቡ። ወረቀቶቹ እየታጠፉ ክዳኑ በተሰነጠቀ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ተጠራቀሙ። የእያንዳንዳቸውን የእጅ ጽሑፍ እንደምለይ ልጆቹ ስለሚያውቁ፣ ጣሳውን የከፈቱት ሦስት ተማሪዎች ናቸው፤ ለእኔ የደረሰኝ እነርሱ የገለበጡት ቅጂ ብቻ ነው።

በአንዱ ወረቀት ላይ የነበረው «ጭልፋው አንድ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ወቅቱ የነቢያት ጾም በመሆኑ ለሚጾሙት ሽሮ፣ ለማይጾሙት ሥጋ ወጥ በሁለት ድስት አሠርተን ነበር፤ ሲታደል ግን ከሁለቱም ድስት የሚወጣው በአንድ ጭልፋ ኖሯል። ይህን ያየው ልጅ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዳቦና ሻይ ብቻ ቀምሶ ተመልሷል። አጠገቡ ተቀምጬ በልቼም ይሆናል። በወረቀቶቹ ውስጥ ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ስላላወቁ ያልነኩት የሙስሊም ተማሪዎች መልስም ነበረ። በጥር መጨረሻ በነበረው ሁለተኛ ጉዞ ሥጋውን ጨርሰን አስቀርተን፣ ሁሉም ከምስሩና ከሽሮው አንድ ላይ በላ። ወጪውም ቀነሰ።

ከሴቶቹ ወረቀቶች የወጣው የበለጠ አሳፍሮኛል። በእግር ጉዞው ላይ ራሳቸውን ያመማቸውን ተማሪዎች «ከፍታው ነው» ብዬ አልፌያቸው ነበር። እነርሱ ግን «ከምሳ በኋላ ውኃ አልጠጣሁም» ብለው ጽፈዋል፤ መጸዳጃ ቤቱ ከድንኳኖቹ ርቆ በጨለማ ውስጥ ስለነበር፣ ሌሊት ላለመውጣት ሲሉ ጥማቸውን ችለው ያድሩ ነበር። በጥር ወሩ ጉዞ የሴቶቹን ድንኳኖች ወደ መጸዳጃ ቤቱ አቀረብን፣ መንገዱ ላይ ፋኖስ ሰቀልን፣ አንዲት መምህርትም በአጠገባቸው አደረች። ራስ ምታት ያመማት ልጅ አልነበረችም።

ስለ ብርዱም እንዲሁ። እኛ ብርድ ልብስ ለመጨመር ስንዘጋጅ፣ ወረቀቶቹ ብርዱ የሚመጣው ከመሬቱ እንደሆነ ነገሩን፤ ስለዚህ ከአካባቢው ገበሬ የጤፍ ጭድ ገዝተን በሸራው ሥር ጎዘጎዝንና ሰሌን አነጠፍንበት። የደኑን ታሪክ የሚተርክልን አስጎብኚም፣ ተማሪዎቹ ከተራራው ደክመው ሲወርዱ እያንቀላፉ እንደሚሰሙት ስለጻፉ፣ ትረካውን ወደ ማለዳ አዛወረ።

ሁሉም ማሻሻያ የተሳካ ግን አልነበረም። ዳገቱ ይጠር ያሉ ብዙዎች ስለነበሩ በሁለተኛው ጉዞ ለሁለት ተከፈልን፤ አጭሩን መንገድ የያዙት ገና ከረፋዱ 5 ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ደርሰው ሲሰላቹ ዋሉ፣ ከእነርሱም አንዱ «እኛም መውጣት እንችል ነበር» ብሎ ጻፈ። ስልክ ይፈቀድልን የሚለውን ጥያቄ አልተቀበልንም። የተቀበልነውንም፣ አቅም ያነሰንንም፣ ያልተስማማንበትንም ከነምክንያቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን፤ በሁለተኛው ዙር ወረቀቶቹ ረዘም ረዘም ብለው የተጻፉትም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በግንቦት ወር ጸሐፊያችን ሌላ ነገር አነሣች፦ ጣሳው ውስጥ ወረቀት የሚከተው የሄደ ልጅ ብቻ ነው፤ የክበቡ አባል ሆነው ሁለቱንም ጊዜ የቀሩት ግን አልተጠየቁም። ወረቀት አደልናቸው። አንዳንዶቹ መዋጮውን፣ አንዳንዶቹ ማደርን የማይፈቅዱ ወላጆችን፣ አንዷ ደግሞ የምትጠብቃትን ታናሽ እኅቷን ምክንያት አድርገዋል። አንድ ልጅ «ቤት ያለው ብርድ ልብስ አንድ ነው» ብሎ ጽፏል። በመጪው ጥቅምት ወላጆች አብረው የሚመጡበት፣ አዳር የሌለው የእንጦጦ ጉዞ እናደርጋለን፤ ከችግኝ ሽያጭ በተገኘው ገንዘብ የተገዙት ብርድ ልብሶችም ታጥበው በስፖርት ዕቃ ክፍሉ ተቀምጠዋል፤ የሚወስድ ተማሪ ስሙን ሳያስመዘግብ እንዲወስድ ተስማምተናል።