ለማህደር፣ ከጣና ዳር

ልጄ ማህደር፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ሰላም ብሎሻል። አቤል የተውሽለትን ብስክሌት ጎማ ሁለቴ አስጠግኗል፤ አሁንም "ማሂ ስትመጣ እንዳትነግሯት" ይላል።

ባለፈው እሁድ ስትደውይ "ፊዚክስ ልመርጥ ነው፣ እንዳንቺ ቴሌስኮፕ ላይ ነው የምሠራው" አልሽኝ። እኔ ደግሞ "እናያለን" ብዬ ወሬውን ወደ ዶርምሽና ወደ ካፌው ምግብ አዞርኩት። ደስ እንዳላለኝ ቆጥረሽው ይሆናል። እንደሱ አይደለም። በስልክ ተወርቶ የማያልቅ ነገር ስላለብኝ ነው። ይህን ሳምንት ፈረቃዬ ስላልሆነ ቤት ነኝ፣ ሐሙስ ወደ እንጦጦ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ልጻፍልሽ።

ትናንት ማታ ከአቤል ጋር በሽምብጥ በኩል ወደ ሐይቁ ወረድን። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከባሕር ዳር ሆነሽ ፊትሽን ወደ ጣና ስታዞሪ የምታይው ሰሜንን ነው። የከተማው መብራት ከኋላሽ ይቀራል፣ ከፊትሽ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። አቤልን እጁን ዘርግቶ ጡጫውን ውሃው ከሰማይ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ እንዲያሳርፍ አደረግሁት። "ከጡጫህ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብለህ ፈልግ" አልኩት። አገኛት። የሰሜን ኮከብ።

የዘረጋሽው ጡጫ ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብም ከአድማስ ከፍ የምትለው በዚያው ልክ ነው። አቤል ግን ቅር አለው። "ይቺ ናት እንዴ? እንዲህ ደብዛዛ?" አለ። ዝቅ ስላለች ብርሃኗ ብዙ አየር ሰንጥቆ ነው የሚመጣው፣ ያም ያደበዝዛታል። ያን ብርሃን ኮከቧ የለቀቀችው ከ400 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት፣ በእነ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን መሆኑን ስነግረው ዝም አለ። ደግሞም ይቺው ኮከብ በየ4 ቀኑ ገደማ ትንሽ ትደምቃለች፣ ትንሽ ትደበዝዛለች። እንደሚተነፍስ ሰው ትነፋለች፣ ትጎድላለች። ልዩነቱ በጣም ጥቂት ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ካሜራ ነው የሚለየው፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ በትክክል ከተጠበቀ።

የእኔ ሥራ ያ መጠበቁ ነው። ስለ እሱ ነው ልጽፍልሽ የፈለግሁት።

በመጀመሪያ፣ በቴሌስኮፑ ውስጥ የሚያይ ሰው የለም። ትንሽ ሳለሽ "ዛሬ ምን አየሽ?" እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር፣ እኔም ሳተርንን አየሁ እልሽ ነበር። አንዳንዴ እውነት ነበር፤ ለጎብኚ ስናሳይ። በሥራ ሌሊት ግን የማየው ስክሪን ነው። ኮከቡ ግራጫ መሬት ላይ ያለ ነጭ ነጥብ ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች የእያንዳንዳቸው ዋና መስታወት 1 ሜትር ስፋት አለው። ብርሃኑን የሚመልሰው ግን መስታወቱ ራሱ አይደለም፣ ላዩ ላይ የተቀባው አልሙኒየም ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺኛው ቢሆን ነው። በጨርቅ አይወለወልም፣ በጣት አይነካም። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሞተር፣ ያ ቴሌስኮፑን የሚሸፍን ጉልላት የቆመው ያቺን ስስ ሽፋን ለመሸከም ነው።

ሥራው የሚጀምረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ጉልላቱን ቀደም ብዬ እከፍታለሁ፤ ቀን የሞቀው አየር ካልወጣ በመስታወቱ ላይ ይርገበገባል። ከአስፋልት ላይ በቀትር ሲንቀለቀል እንደምታይው ዓይነት። ከዚያ ለባዶው የምሽት ሰማይ ፎቶ ማንሳት ነው። እኛ "ፍላት" እንለዋለን። ኮከብ የሌለበት ሰማይ ለምን ይነሣል ትይኝ ይሆናል። ካሜራው መስኮት ላይ ያረፈች አቧራ ሁሉ ምስሉ ላይ ክብ ጥላ ትጥላለች፣ መሐሉ የተበሳ፣ ልክ እንደ ቦምቦሊኖ። ባዶውን ሰማይ ካነሣን እነዚያን ጥላዎች በኋላ ከኮከቡ ምስል ላይ በሂሳብ ማንሳት ይቻላል። ችግሩ በእኛ ሀገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ ምሽቱ ቶሎ ይጨልማል። ሰማዩ በጣም ደማቅ ከሆነ ካሜራው ይሞላል፣ በጣም ከጨለመ ኮከብ ይገባበታል። በዚያች ጠባብ ጊዜ ስልክ ብትደውይልኝ የማላነሣው ለዚህ ነው።

ሲጨልም ኮከቡን ማግኘት፣ ፎከሱን ማስተካከል፣ መከታተል ነው። ሌሊቱ እየበረደ ሲሄድ ብረቱ ስለሚሰበሰብ ፎከሱ ይሸሻል፣ ኮከቦቹ ያብጣሉ። ስለዚህ በየጊዜው እመልሰዋለሁ። ግድግዳው ላይ የተለያየ ሰዓት የሚቆጥሩ ሰዓቶች አሉ። አንዱ የኮከብ ሰዓት ነው፤ ከእኛው ሰዓት በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ኮከብ ሁሉ ከትናንቱ 4 ደቂቃ ቀድሞ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሌላው ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በእሱ ቀኑ የሚለወጠው ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ከ9 ሰዓት በኋላ የጻፍኩት ሁሉ ቀኑ የተሳሳተ ነበር።

እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ብርዱን ታውቂዋለሽ፣ አያትሽ የሰጠችኝ ጋቢ ባይኖር እንዴት እንደምሆን እንጃ። ከውጭ ጅብ ይጮሃል። ከውስጥ ጉልላቱ ኮከቡን ተከትሎ ትንሽ ዞር ይላል፣ ይቆማል፣ ዞር ይላል። ይህን ድምፅ እወደዋለሁ። ባሕር ዳር ስመጣ ሌሊት ነቅቼ የማደምጠው እሱን ነው።

አሁን ለማንም በደንብ አውርቼው የማላውቀውን ነገር ልንገርሽ።

ስልጠና ላይ ሳለሁ ነው፣ ከሀገር ውጭ። አንቺን የሦስት ዓመት ልጅ ሆነሽ ለአያትሽ ትቼ የሄድኩ ጊዜ። አንድ ሌሊት ቴሌስኮፑን እኔ ይዣለሁ፣ አንድ እንግዳ ተመራማሪ ከጎኔ ተቀምጧል። በአንድ ኮከብ ፊት የምታልፍ ፕላኔት ነበር የሚጠብቀው። ጁፒተርን የምታህል ፕላኔት ፀሐይን በሚያህል ኮከብ ፊት ስታልፍ ብርሃኑን የምትቀንሰው 1 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ስትገባም፣ ስትሻገርም፣ ስትወጣም መያዝ አለባት። ገባች፣ ተሻገረች፣ መውጫዋ ቀረ።

እርጥበቱ መነሣት ጀመረ። ግድግዳው ላይ ያለው መለኪያ 81 ነበር፣ 83 ሆነ። የዚያ ቦታ ሕግ 85 በመቶ ከደረሰ ጉልላቱ ይዘጋል የሚል ነው፣ ክርክር የለውም። 86 አለ። እጄ መዝጊያው ላይ ነበር። ሰውዬው አየኝና "ሃያ ደቂቃ ብቻ ስጪኝ" አለ። ለመነኝ እንጂ አላዘዘኝም። ፈራሁት እንዳልል አልፈራሁትም። አፈርኩ። እሱ ትልቅ ተመራማሪ ነው፣ ከሩቅ ነው የመጣው፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ሃያ ደቂቃ ምን ትሆናለች አልኩ።

88 ሲል ልቤ አልቻለም፣ ወደ ውጭ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ያለውን የብረት መደገፊያ በጣቴ ዳሰስኩት። ጣቴ ራሰ። በሩጫ ተመልሼ መዝጊያውን ተጫንኩ። ያ መከለያ እንዲዘጋ የወሰደበት ጊዜ እስከ ዛሬ ድረስ ረጅሙ ጊዜዬ ነው። ባትሪ ይዤ መስታወቱን ሳየው ሕፃን ልጅ የተነፈሰበት መስኮት መስሏል። ጤዛ።

መስታወቱ ሲነጋ ደረቀ። ላዩ ላይ የነበረው አቧራ ግን ጠብታ ጠብታ ሆኖ ደርቆ ቀረ፣ በኋላ መታጠብ ነበረበት። እሱ እንኳ ሁሉም ቦታ የሚያጋጥም ነው። የኔ ትልቁ ጥፋት ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሎግ ደብተሩ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ እርጥበቱን በእጅ እንጽፋለን። እስክሪብቶውን አነሣሁ። 88 መጻፍ ነበረብኝ። 84 ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ተመራማሪው ምስሎቹን ሲያይ ኮከቡ መጨረሻ ላይ መድመቅ ሲገባው ደብዝዟል። አጠገቡ ያሉትን ኮከቦች አየ። እነሱም ደብዝዘዋል። ኮከቦች ተመካክረው አይደበዝዙም፣ የሆነ ነገር መሐል ገብቷል ማለት ነው። ሎጉን ከፈተ። ደመና የለም፣ እርጥበት 84። ሎጉን አመነው። እንግዲያው ካሜራው ነው የተበላሸው ተባለ። ካሜራው ተፈታ፣ ወደ ወርክሾፕ ወረደ፣ ሽቦው አንድ በአንድ ተፈተሸ። አራት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ቴሌስኮፑ ያለ ሥራ ቆመ። እኔ ሻይ እያፈላሁ ለሚፈትሹት ሰዎች አቀርብ ነበር።

በአራተኛው ቀን ወደ ኃላፊው ሄጄ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ደብተሩን አመጣ፣ እስክሪብቶ ሰጠኝ። 84ን በአንድ መስመር ብቻ ሰርዤ፣ ከጎኑ 88 ብዬ፣ ቀኑን አስገብቼ ፈረምኩ። አይፋቅም፣ ገጹም አይቀደድም። የተሳሳትኩት ቁጥር ከመስመሩ ሥር እስከ ዛሬ ይነበባል።

ማሂ፣ ሰውዬውን እንዳትቀየሚው። ለፕላኔቷ መጓጓት የእሱ ሥራ ነው። ስለ መስታወቱ መጨነቅ የኔ ነበር። ሁለታችንም ስለ ፕላኔቷ ስንጓጓ መስታወቱ ጠባቂ አጣ። ዛሬ እርጥበቱ ከፍ ሲል ማን ከጎኔ እንደተቀመጠ አላይም። እዘጋለሁ። የተቆጡኝ አሉ፣ አኩርፈው የሄዱም አሉ። አንዳንዴ ከዘጋሁ በኋላ ሰማዩ እስኪነጋ ጥርት ብሎ ያድራል፣ ያኔ በጣም ያናድዳል። ቢሆንም መልሼ አልጸጸትም።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። የሌሊት ሰው ያደርግሻል። ቀን መጋረጃ ዘግተሽ ትተኛለሽ፣ ጎረቤት ለቡና ሲጠራሽ አትገኚም። የስምንተኛ ክፍል ውጤትሽን የሰማሁት ከአባትሽ በስልክ ነው፣ ጉልላቱ ሥር ቆሜ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል፣ እኔ አልረሳሁትም። ይቅርታ አድርጊልኝ። በክረምት ደግሞ ተራራው ደመና ለብሶ ይከርማል፤ ያን ጊዜ ነው እንደ ሌላው እናት ቤት የምገኘው።

ይህን ሁሉ አንብበሽም ከፈለግሽው እሰየው፣ ምረጪው። ደስታዬ ነው። ከፊዚክሱ ጎን ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማሪ፣ ዛሬ ያለ እሱ አይሠራም። ስታትስቲክሱንም ቸል አትበይው። የኤሌክትሪክ ላብ ሲኖርሽ ብየዳውን ለወንዶቹ ትተሽ ማስታወሻ ጸሐፊ እንዳትሆኚ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ገመድ ሲነቀል የሚመጣልሽ ሰው የለም።

እስከዚያው አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሐዋሳ ከእኛ ወደ ደቡብ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ እዚያ 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከአድማስ ከፍ የምትለው፣ ከጡጫሽም ታንሳለች። ሰሜኑ ያልተከለለበት ቦታ ፈልጊ፣ ብቻሽን ግን እንዳትሄጂ። ትንሽ ደብተር ግዢ። ለአንድ ወር በየማታው ሰዓቱን፣ ሰማዩ እንዴት እንደነበረና ኮከቧን ማየት አለማየትሽን ጻፊ። ደመና ከሆነ ደመና ብለሽ ጻፊ። እንቅልፍ አሸንፎሽ ካልወጣሽም "ተኝቼ ነበር" ብለሽ ጻፊ። ለገና ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ፣ ከአቤል ደብተር ጋር እናስተያየዋለን። እሱ ትናንት ጀምሯል።

በርበሬና ሽሮ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ። ሹራቡ ከታች ነው።

የምትወድሽ እናትሽ
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት