የኪሮሽ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ንድፍ ፍለጋ በጅማ

በዚህ መጽሔት የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃና የሚኒ ሚዲያ ክበባት ዘገባ በየዓመቱ ሲወጣ ቆይቷል። የኪሮሽ ክበብ ግን ገጽ ሲሰጠው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህም ክበቡ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ለምን ሊኖር እንደሚገባው ጭምር እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «የሒሳብ መምህርን ከክርና ከመርፌ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቦልኛል። ከወላጆች ወገንም ክበቡ የጥናት ሰዓት ይሻማል የሚል ቅሬታ ደርሶኛል። ሁለቱም በቅንነት የቀረቡ ስለሆኑ በቅንነት መልስ ይገባቸዋል።

ኪሮሽ ለጅማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የተማሪዎቻችን እናቶችና አያቶች በልጃገረድነታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሠሩት ዳንቴል ዛሬም በብዙ ቤት የሶፋውን መደገፊያ፣ ቴሌቪዥኑንና የብፌውን መደርደሪያ አልብሶ ይታያል። የሚያስፈልገው ጫፉ መንጠቆ የሆነ አንድ መርፌና ክር ብቻ ነው። ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሠራ የመስመሩ ዐይኖች (የክሩ ቀለበቶች) በሙሉ መርፌው ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ በኪሮሽ ግን አንዱ ስፌት አልቆ ሌላው ሲጀመር መርፌው ላይ የሚቀረው አንድ ዐይን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ደወል ሲደወል ሥራውን አጥፎ ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ ሲሳሳቱም ክሩን ስቦ እስከ ስሕተቱ ድረስ መተርተር ይቻላል። ሌላም ነገር አለ፦ ሹራብ በፋብሪካ መኪና ይሠራል፤ እውነተኛው ኪሮሽ ግን እስካሁን የሚሠራው በእጅ ነው። አንድ ልጅ ይህን ካወቀ በኋላ የጀመረውን ሥራ አክብሮ ይይዘዋል።

ሳምንታዊው ስብሰባችን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ይካሄዳል። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሰንሰለት፣ አጭርና ረጅም ስፌት፣ የክብ አጀማመርና የጠርዝ አጨራረስ ተምረናል፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥም ተመርጠዋል። ቃለ ጉባኤዎቹ በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስለሚገኙ እዚህ አልዘረዝራቸውም።

ፈተናው የመጣው እጃቸው ስፌቱን ከለመደ በኋላ ነው። «ቀጥሎ ምን እንሥራ?» ሲባል ሁሉም ወደ ስልካቸው ይሄዱ ነበር። በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚታየው ሥራ ያምራል፤ አልክድም፤ ብዙ ዘዴም ተምረንበታል። ሆኖም በቪዲዮው የሚታየው ክር መርካቶአችን ውስጥ አይገኝም፣ ቀለሙ ቢገኝ ውፍረቱ አይመጥንም፣ ሥራው ሲያልቅም አምስት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥንቸል ይዘው ይመጣሉ። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ቪዲዮ ካላዩ አንድ ረድፍ እንኳ ለመጀመር የሚፈሩ ልጆች መበራከታቸው ነበር። የኪሮሽ ደስታ እኩሌታው የሚገኘው ምን እንደሚሠሩ ሲያስቡ ነው፤ ያንን ለስልክ ከተውነው ለእጃችን የሚቀረው ድካሙ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በክበቡ አንድ ደንብ አወጣን፦ እያንዳንዱ አባል በሳምንቱ ውስጥ ከቤቱ ወይም ከመንገዱ ያገኘውን አንድ ቅርጽ በካሬ ደብተር ላይ ስሎ ይምጣ። መጀመሪያ ላይ የመጣው አበባና ልብ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የመሶብ ላይ ሐረግ፣ የጅማ በርጩማ ሦስት እግር፣ የቡና ቅጠልና በቅርንጫፉ ላይ ተጠጋግቶ የሚወጣው የቡና ፍሬ፣ በዝናብ ሰዓት አዌቱ ወንዝ ላይ የሚታየው የውኃ ክብ ሁሉ መምጣት ጀመረ። አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ የእናቷ የጀበና ማቶት አልቆ እንደነበር አስተውላ በወፍራም የጥጥ ክር አዲስ ሠራችላት፤ ዙሪያውንም በቀይና በአረንጓዴ የቡና ፍሬ አስጌጠችው። ጀበናው ሲቀመጥበት እንዳያዘነብል መሐሉን በደንብ ማጥበቅ እንዳለባት የነገራት ማንም የለም፤ ሠርታ፣ አስቀምጣ፣ አይታ ነው የደረሰችበት።

የዓመቱ ትልቅ ክንውን ግን በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ጅሬን ያደረግነው ጉዞ ነው፤ ስለዚህም ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኮረብታው ላይ መቆሙን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችንም ከዚህ ቀደም ሄደው ያውቃሉ፤ የሄዱት ግን ታሪክ ለማጥናትና ፎቶግራፍ ለመነሣት ነበር። አሁን የሄድነው ንድፍ ለመልቀም ነው። በወላጆች መዋጮ በተከራየነው ሚኒባስ ወጣን፤ ስልኮቹን ሁሉ ሰብስቤ እኔ ያዝኩ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የካሬ ደብተርና እርሳስ ብቻ ቀረለት።

ልጆቹ ወዲያው ተበታተኑ። አንዳንዱ የጣሪያውን ክዳን፣ አንዳንዱ የምሰሶውን አናት፣ አንዳንዱ የበሩን ሳንቃ መሳል ጀመረ። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ግን ለረጅም ጊዜ ደብተሯን ሳትከፍት ቆመች። ከክበቡ አባላት ሁሉ እጇ የፈጠነውና ስፌቷ የጠራው የእርሷ ነው፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ከሌላ ሰው ንድፍ ያልተቀዳ ነገር ሠርታ አታውቅም ነበር። «መምህር፣ እኔ መሳል አልችልም» አለችኝ። መልስ ልሰጣት ፈልጌ ተውኩት። ጥቂት ቆይቶ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ ወለሉን ስትመለከት አየኋት። የጥር ፀሐይ በእንጨቱ መከለያ ክፍተቶች መሐል አልፎ ሳንቃው ላይ ብርሃንና ጥላ እያፈራረቀ ዘርግቶ ነበር። በዚህ ጊዜ አንዲት ጓደኛዋ የምትሠራውን ለማየት ብላ ከፊቷ ስትቆም ድምጿን ከፍ አድርጋ «ፈቀቅ በይልኝ፣ ጥላውን ሸፈንሽብኝ!» አለቻት። እርሳሷን ይዛ የደብተሩን ካሬዎች አንድ በአንድ ታጠቁር ጀመር፤ ጥላ ለሆነው ሙሉ ካሬ፣ ብርሃን ለሆነው ባዶ ካሬ። ፀሐዩ እየተንቀሳቀሰ ጥላውን ስለሚያሸሽባት ትቸኩል ነበር። እኔም ሌሎቹን ከአጠገቧ እየመለስኩ ጠበቅኋት።

ዳንቴል የሚያውቅ አንባቢ ይህ ለምን እንዳስደሰተኝ ይገባዋል። ባዶና ሙሉ ካሬዎችን እያፈራረቁ ሥዕል የሚያወጡበት የዳንቴል ዓይነት የሚነደፈው ልክ በዚህ መንገድ ነው፤ የተጠቆረው ካሬ በረጅም ስፌት ይሞላል፣ ነጩ ካሬ ሁለት ሰንሰለት ተዘልሎ ክፍት ይቀራል። ልጅቷ ሕንፃውን አልገለበጠችም፤ ወለሉ ላይ ራሱ በዳንቴል ቋንቋ የተጻፈ ነገር አግኝታ አነበበችው። ወደ ከተማ ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት ዙሪያ ከፎቶግራፍ ይልቅ ደብተር ነበር ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው።

ሥራው ግን እንደ ንድፉ አልቀለላትም። ደብተሩ ላይ ካሬው እኩል ጎን አለው፤ በክር ሲሠራ ግን የረጅሙ ስፌት ቁመት ከስፋቱ ስለበለጠ የጅሬን ጥላ ወደ ላይ ተስቦ ቀጭን ሆነ። ሦስት ጣት ያህል ስፋት ሠርታ ሳለ በመርፌው መጠንና በእጇ አጠባበቅ ላይ ተነጋገርን፤ በቀጣዩ ረቡዕ ሁሉን ተርትራ በወፈር ያለ መርፌ እንደ አዲስ ጀምራው መጣች። በወላጆች ቀን ይህ ነጭ ዳንቴል በጥቁር ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ አንድ አዛውንት ወላጅ ቀርበው ብዙ ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ «ይኼ የጅሬኑ ሰገነት አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ከሥሩ ምንም ጽሑፍ አልነበረም። ልጅቷ «ነው አባባ» ካለች በኋላ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም፤ እኔም ብሆን።

ስለ ሒሳቡ የተጠየቅሁትን ደግሞ በአንድ ሌላ ተማሪ ሥራ ልመልስ። አንድ የ7ኛ ክፍል ወንድ ልጅ ወደ ክበቡ የመጣው ለአያቱ ለዒድ የሚሆን ኮፊያ ለመሥራት ፈልጎ ነው። የመጀመሪያው ሙከራው ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማደደ፤ ሁለተኛው ደግሞ ለቡና ስኒ ካልሆነ ለራስ የማይበቃ ሆኖ ተሰበሰበ። ምክንያቱን ሰሌዳ ላይ አብረን አወጣነው። በአጭር ስፌት የሚሠራ ጠፍጣፋ ክብ ከ6 ዐይን ከተነሣ በየዙሩ 6 እየጨመረ 12፣ 18፣ 24፣ 30 እያለ ይሄዳል። ጭማሪው ከዚያ ካነሰ ጨርቁ ወደ ጎድጓዳነት ይሰበሰባል፤ ከበለጠ ይጨማደዳል። ኮፊያ እንግዲህ አናቱ እስኪደርስ እየጨመሩ፣ ከዚያ በኋላ ጭማሪውን አቁሞ ቀጥ ብሎ መውረድ ነው። ልጁ የአያቱን ራስ ዙሪያ በክር ለክቶ፣ ያንን በ«ፓይ» አካፍሎ፣ የአናቱ ክብ ስንት ዙር እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ አሰላ። በክፍል ውስጥ ስለ ክብ ዙሪያ ስናገር ዓይኑ ወደ መስኮት ይሄድ የነበረው ልጅ ይኸው ነው።

ይህ የልጅ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ነገር ልጨምር። ላትቪያዊቷ የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር፣ ከወረቀት የሚሠሩት የሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪ (ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ጎመን ቅጠል የሚጨማደድ ገጽ የሚጠናበት ዘርፍ) ሞዴሎች በቀላሉ ስለሚበጣጠሱባት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በኪሮሽ ሠርታ ተማሪዎቿ በእጃቸው እንዲዳስሱት አድርጋለች። የሠራችበት መንገድ በየረድፉ ዐይኖችን በተመሳሳይ ምጣኔ መጨመር ነው፤ ማለትም የእኛው ተማሪ ሳያውቅ በመጀመሪያው ሙከራው የሠራው የተጨማደደ ጨርቅ የዚያ ቤተ ዘመድ ነበር። ይህን ስነግረው ሊጥለው የነበረውን ጨርቅ መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ያልተሳካልንም አለ። ሁሉም አባላት አንዳንድ ካሬ ሠርተው የሚገጣጠም የአልጋ ልብስ ጀምረን ነበር፤ ነገር ግን ሰማያዊው ክር መንገድ ላይ አልቆብን ድጋሚ ስንገዛ ቀለሙ የተነከረበት ዙር የተለየ ስለነበር አልገጠመም፤ ሥራውም ለጊዜው ቆሟል። ክር በአንድ ጊዜ በበቂ መጠን መግዛት የሚቻለው በጀት ሲኖር ነው። በክረምቱ መግቢያ ደግሞ የክፍሏ ጣሪያ አፍስሶ በካርቶን ያስቀመጥነው የጥጥ ክር ሻገተ፤ ከፊሉን አጥበን አተረፍን፣ ከፊሉን ጣልን። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ካርቶን ለክር ማስቀመጫ እንደማይሆን ያውቃል። ስለ ጣሪያው ደጋግመን ጽፈናል፤ ለኳስ ሜዳው መረብ ገንዘብ በተገኘበት ዓመት ለአንድ ቆርቆሮ መጥፋቱን ግን ልጆቹም ሳያስተውሉት አልቀሩም።

መርፌ በተቸገርንበት ጊዜ የደረሱልን በርጩማና ወንበር የሚሠሩ አንድ ወላጅ ናቸው። ከትርፍራፊ የወይራ እንጨት የተለያየ ውፍረት ያላቸውን መርፌዎች ጠርበው፣ ክሩን እንዳይነካክስ የመንጠቆውን ጉሮሮ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ላኩልን። ዋጋ ስንጠይቃቸው «ልጆቹ የሠሩትን አሳዩኝ፤ ይበቃኛል» አሉን። ከብረቱ ይልቅ የእርሳቸውን መርፌ የሚመርጡ ልጆች አሉ፤ ጣት አያንሸራትትምና።

«ገቢስ?» ለሚሉኝ፣ ኪሮሽ እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ታሪክ ይመሰክራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አየርላንድ በድንች በሽታ በተራበችበት ዘመን ብዙ ቤተሰቦች አበባና ቅጠሉን ለየብቻ ሠርተው በመረብ እያያያዙ የሚሸጡት ዳንቴል የዕለት ጉርሳቸው ሆኖ ነበር። እኛም በወላጆች ቀን የስኒ ማስቀመጫና ማቶት ሸጠን የተገኘውን ለክር አውለነዋል። ነገር ግን ክበቡን በገቢው ብቻ እንድትመዝኑት አልፈልግም። ከፈተና ሰሞን ጭንቀት ወጥቶ ለአንድ ሰዓት እጁን እያሠራ፣ ከጓደኛው ጋር በዝግታ እያወራ የሚያርፍ ልጅ ወደ ጥናቱ ሲመለስ ረግቶ እንደሚቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ኳስ ለመጫወት ማንም ምክንያት አይጠየቅም፤ ኪሮሽ ለመሥራትም ደስ ማለቱ በቂ ምክንያት ሊሆን ይገባል።

ለቀጣዩ ዓመት የወላጅ መምህር ኅብረቱንና የትምህርት ቤቱን አስተዳደር የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ቁልፍ ያለው አንድ የብረት ቁም ሣጥን፣ የአልጋ ልብሱን ለመጨረስ በአንድ ጊዜ የሚገዛ ክር፣ እና የጣሪያው ጥገና። ንድፍ ፍለጋውንም በሐሙስ ገበያ ስፌት ሰፊዎች ዘንድ ለመቀጠል አስበናል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ብቻ ነው። ወላጆች ደግሞ የማይለበስ የሱፍ ሹራብ ካላችሁ አትጣሉት፤ ተርትረን፣ አጥበን፣ በወንበር ጀርባ ጠምጥመን እርጥብ ሳለ ክብደት አንጠልጥለንበት ክሩ ሲቃና እንደ አዲስ ይሠራል። በመስከረም ምዝገባ ሳምንት ለክበቡ ተወካዮች ወይም በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ብታስረክቡልን እንቀበላለን። ዳንቴል የምትችሉ እናቶችና አያቶችም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በራችን ክፍት ነው፤ እኔ የማላውቃቸው ብዙ ዓይነት ጠርዞች እናንተ ዘንድ እንዳሉ ተማሪዎቻችሁ ነግረውኛል።