የቃጠሎን ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ የእኛን ቆዳ ያውቀዋል?

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ሆስፒታል የቁስል መጥረጊያ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የሕክምና መሣሪያ ግዥ በተነሣ ቁጥር ስለ ራጅና ስለ አልትራሳውንድ ሲወራ እሰማለሁ፤ በእሳት ወይም በፈላ ውኃ የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ምን ያህል ጠልቆ እንደ ገባ በብርሃን ስለሚለኩት መሣሪያዎች ግን ሲነሣ ሰምቼ ስለማላውቅ ይህን ለመጻፍ ተገደድሁ።

ቃጠሎን በማከም ረገድ አስቸጋሪው ስፋቱን ማወቅ አይደለም፤ የታማሚው መዳፍ ከነጣቶቹ ከሰውነቱ ቆዳ 1 በመቶ ያህል ስለሚሆን ስፋቱ በግምትም ቢሆን ይያዛል። አስቸጋሪው ጥልቀቱ ነው። ብዙም ሳይጠልቅ የቀረ ቃጠሎ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል፤ ጠልቆ የገባው ግን የሞተው ሥጋ ተነሥቶ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ቆዳ በጊዜው ካልተሸፈነ ወይ ያመረቅዛል፣ ወይ ጠባሳው መገጣጠሚያውን ይዞ ያኮማትረዋል። ሁለቱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመሳሰላሉ። ጃክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳስረዳው፣ ሙሉ በሙሉ በሞተው ሥጋ ዙሪያ ደም እየደከመ የሚዘዋወርበት፣ ሊተርፍም ሊሞትም የሚችል ክፍል ስላለ፣ ዛሬ ቀላል የመሰለ ቁስል ከነገ ወዲያ ከባድ ሆኖ ይገኛል። በሙያው የበሰሉ ሐኪሞች እንኳ በዓይን ብቻ አይተው የሚሰጡት ግምት ትክክል የሚሆነው ከ60 እስከ 75 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ነው።

ከቢቸና በኩል የመጣ አንድ የ7 ዓመት ልጅ አይረሳኝም። ከጉልቻ ላይ የነበረ ሽሮ ተገልብጦበት ቀኝ እጁ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ተቃጥሎ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። ቅቤውን አጥቤ ሳየው ውኃ የቋጠረው ቆዳ ተገፍፎ ከፊሉ ሮዝ፣ ከፊሉ ነጣ ያለ ነበር፤ ሮዙን በመርፌ ነካ ሳደርገው ጮኸ፣ ነጣ ያለውን ስነካው ግን ዝም ብሎ አየኝ። አንዱ ሐኪም «ይድናል፣ እንጠብቅ» ሲል ሌላው ተጠራጠረ፤ ተጠበቀ። በአምስተኛው ሳምንት ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ሲጻፍለት ሁለቱ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው ነበር። እናቱ «ሲስተር፣ መጀመሪያውኑ ማወቅ አይቻልም ነበር ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

እውነቱ ግን ሌላ ቦታ ይቻላል። ሌዘር ዶፕለር የሚባለው መሣሪያ ቁስሉን ሳይነካ ደካማ የሌዘር ብርሃን እያሳለፈበት፣ ብርሃኑ ከሚንቀሳቀሱት ቀይ የደም ሕዋሳት ነጥሮ ሲመለስ የሚያሳየውን የሞገድ ለውጥ በመለካት የደሙን ዝውውር በቀለም ያሳያል፤ ቀዩ ደም በደንብ የሚዘዋወርበት ሲሆን ሰማያዊው በራሱ ለመዳን የሚቸገረው ነው። የእንግሊዝ የጤና ምዘና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ጥልቀታቸው ላጠራጠረ ቃጠሎዎች እንዲያገለግል መክሯል። መሣሪያው አስተማማኝ የሚሆነው ከተቃጠሉ ከ48 ሰዓት በኋላ እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ነው። የእኛ ታማሚዎች መንገዱ ርቋቸው፣ ወይም ጠበል አስቀድመው፣ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነውና፣ መዘግየት የሚያስመሰግን ባይሆንም፣ ለምርመራው አልረፈደም። ቅቤው፣ ጭቃውና የጥርስ ሳሙናው ግን ብርሃኑን ስለሚጋርዱ በደንብ ካልታጠቡ መሣሪያው የሚያነበው እነርሱኑ ነው። እግረ መንገዴን፣ በተቃጠለ ቦታ ላይ ቅቤ ሳይሆን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ይገባል።

ይሁንና ዋናው ጉዳዬ ግዥው አይደለም። ለቆዳችን ጥቁረቱን የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃንን ይመጥጣል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን ይበልጥ፣ ቀዩንና ለዓይን የማይታየውን ታህተ ቀይ ብርሃን ደግሞ በጥቂቱ። ስለዚህ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ በጥቁር ቆዳ ላይ የሚያነበው ሊዛባ ይችላል። የላይኛው የቆዳ ሽፋን በተገፈፈበት ቦታ ችግሩ ቢቀንስም፣ ሽፋኑ ባልለቀቀበትና ለማነጻጸሪያ በሚያገለግለው ጤነኛ ቆዳ ላይ ግን እንዳለ ነው። ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። በጣት ላይ ተቆንጥጦ የደምን ኦክስጅን የሚለካውና በየሆስፒታላችን ያለው መሣሪያ በጥቁር ታማሚዎች ላይ የኦክስጅን እጥረትን ሳያሳይ የማለፉ ነገር ከነጮቹ በ3 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ያ መሣሪያ ግን ለአሥርት ዓመታት ብዙም ሳይጠየቅ ሲሠራበት ኖሯል።

ስለዚህ የግዥ ኮሚቴዎች ስለ ዋጋና ስለ ዋስትና ከመጠየቃቸው በፊት ሻጩን «በእንዲህ ዓይነት ቆዳ ላይ ሞክራችሁታል? ውጤቱን አሳዩን» እንዲሉት እለምናለሁ። መልስ ካጣ ሙከራውን እዚሁ ማድረግ ይቻላል፤ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ለሚመጡ ታማሚዎች በሦስተኛው ቀን ቁስሉን በመሣሪያው ለክቶ፣ በ21ኛው ቀን ድኖ እንደሆነና እንዳልሆነ መመዝገብ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብና ፋሻውን የሚፈታ ሰው ነው፤ ፋሻውን እኛ በየቀኑ እንፈታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ
ከምሥራቅ ጎጃም (ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይቆይልኝ)