ታሪኩን ከየት እንጀምረው? ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

ስለ ኢኽዋኖች አመፅ የላክሽልኝን ረቂቅ ደጋግሜ አነበብኩት። በመካከለኛው ዓረብ ምድር በናጅድ ለንጉሥ አብዱልአዚዝ ይዋጉ የነበሩት የሃይማኖት ተዋጊዎች እንጂ የግብፁ ድርጅት እንዳልሆነ ገና መግቢያው ላይ ጻፊ፣ ሰው ይምታታበታል። "መጻሕፍቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ የቱን ልመን?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን ኩዌት ሾፌር ሆኜ ስሠራ ጀህራ ኖሬያለሁ፣ ወሬውን ከባለቤቶቹ አፍ ነው የሰማሁት።

ጀህራ ውስጥ ቀስር አል አሕመር የሚሉት ቀይ የጭቃ ግንብ አለ። በ1920 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሙጠይር ጎሳ መሪ ፈይሰል አል ደዊሽ የኢኽዋን ተዋጊዎቹን ይዞ መጥቶ የኩዌቱን ሼክ ሳሊምን እዚያ ውስጥ ከበባቸው። አሰሪዬ በዚያ ባለፍን ቁጥር "አያቶቻችን በውሃ ጥም እየተቃጠሉ ያንን ሰው የመከቱት እዚህ ነው" ይለኝ ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ የሙጠይር ሰው ነው። ለሱ ያው ደዊሽ ጀግና ነው፣ ስሙን ሲያነሳ ድምፁ ይለወጣል። ሁለቱም አንድ መስጊድ ነው የሚሰግዱት፣ አንዳቸውም አይዋሹም።

እኔ እንደገባኝ ሰዎቹን የሚያለያያቸው ታሪኩን የሚጀምሩበት ዓመት ነው።

የሪያዱ፣ ማለትም የሳዑዲ መንግሥት ትረካ ከ1927 ይጀምራል። የሙጠይር ሰዎች ኢራቅ ውስጥ ቡሰያ የተባለውን የፖሊስ ምሽግ መቱ፣ ሰው ገደሉ። ቀጥሎም የናጅድ ነጋዴዎች ተገደሉ። ንጉሡ አብዱልአዚዝ መከረ፣ ለመነ፣ አልሰሙትም፣ በመጨረሻ በ1929 መጋቢት ሰቢላ በተባለ ቦታ ጦርነት ገጥሞ ድል አደረጋቸው። ከዚህ ከጀመርሽ አመፀኞቹ ሽፍታ ናቸው፣ ሌላ መደምደሚያ የለውም።

ጎረቤቴ ግን ከ1912 ገደማ ነው የሚጀምረው፣ ዘላኖቹ ግመላቸውን ሸጠው አርጣዊያ በተባለ የናጅድ ሰፈር ቤት መሥራት ከጀመሩበት። ለንጉሡ የሃኢልን ከተማ የያዙለት እነሱ፣ መካና መዲና ያሉበትን ሒጃዝን የያዙለት እነሱ። ከዚያ በኋላ ደዊሽ መዲናን፣ የዑተይባ ጎሳ መሪ ሱልጣን ቢን ቢጃድ ደግሞ ጣኢፍን ወይም መካን ሊገዙ ይጠብቁ ነበር፣ ምንም አልተሰጣቸውም። በ1926 አርጣዊያ ላይ ተሰብስበው ቅሬታቸውን ዘረዘሩ፦ ንጉሡ ልጆቹን ለምን ግብፅና ለንደን ይልካል፣ መኪናና ቴሌግራፍ ለምን ያስገባል፣ ግብሩስ ምንድን ነው? አንዱን ቅሬታ ረቂቅሽ ውስጥ አላየሁትም። ከኩዌት ጋር ንግድ ተከልክሎ ነበርና፣ ኩዌቶች ከሓዲ ከሆኑ እንውጋቸው፣ ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ ለምን አንነግድም ነበር ያሉት። እዚህ ጋ ሃይማኖቱና የሆድ ጉዳዩ አብረው ናቸው፣ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። አንቺ "የአክራሪዎች አመፅ" ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰሽዋል፣ እሱ አልተስማማኝም።

ይሄን ስልሽ ለነሱ አድልቼ እንዳይመስልሽ። ጎረቤቴ ስለ ሒጃዝ ሲያወራ ጣኢፍን ዘሎ ነው የሚያልፈው። በ1924 እዚያ ከተማ ውስጥ ኢኽዋኖቹ ሰላማዊ ሰው ጨርሰዋል። የሟቾቹ ልጆች ቢጽፉት ታሪኩ ከዚያች ቀን ነበር የሚጀምረው።

ሦስተኛው መነሻ 1922 ነው፣ ኡቀይር በተባለ ቦታ እንግሊዛዊው ሹም ፐርሲ ኮክስ በናጅድ፣ በኢራቅና በኩዌት መካከል በካርታ ላይ ድንበር ያሰመረበት። ዝናብ ተከትሎ ከብቱን ለሚነዳ ሰው መስመር ምኑ ነው? የውሃ ጉድጓዱ ማዶ ቀረ። ስምምነቱ ድንበር ላይ ያሉ ጉድጓዶች ጋ ምሽግ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር፣ ቡሰያ ሲሠራ ደግሞ ውል ፈርሷል ብሎ አቤት ያለው ራሱ ንጉሡ ነው! ታዲያ የቡሰያን ጥቃት አንስቶ ይህን ዝም ማለት ደግ አይደለም። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በ1928 ኢኽዋኖቹን ሲደበድቡ እንደነበርም ጨምሪበት።

"ጎሳዎቹ በመንግሥት ላይ" የሚለውንም አስተካክይ። ከዑተይባም ከሙጠይርም ከንጉሡ ጎን የቆመ ብዙ ነበር፣ ወንድም ከወንድም ነው የተታኮሰው።

ከሁሉ የከበደኝ ከአመፀኞቹ ጋር የነበረው የአጅማን ጎሳ መሪ የዲዳን ቢን ሂስለይን አሟሟት ነው። በ1929 ግንቦት ከንጉሡ ወገን ወደ ነበረው ወደ ፈህድ ቢን ጂሉዊ ሰፈር ሄዶ በዚያው ተገደለ። አንዱ ወገን ቃል ተሰጥቶት የሄደ እንግዳ ነበር፣ ክህደት ነው ይላል። ሌላው ሰዎቹ ሊያስፈቱት ሲያጠቁ ነው የተገደለው ይላል። ፈህድም በዚያው ሞቷል። አንቺ አንዱን መርጠሽ እንደ እውነት ጽፈሻል። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ማን እንደሚለውም ጻፊ።

ደዊሽ በ1930 ጥር ለእንግሊዞች እጁን ሰጠ፣ እነሱም ለንጉሡ አስረከቡት፣ በ1931 ሪያድ እስር ቤት ሞተ። ልጁ ከዚያ በፊት በረሃ ላይ በውሃ ጥም አልቋል። ይህን በሁለት መስመር አልፈሽዋል፣ ትንሽ ዘርጊው።

ለመምህርሽ ከማስረከብሽ በፊት አዲሱን ላኪልኝ፣ ማታ ማታ አነበዋለሁ። የስልክ ካርድ ካለቀብሽ ንገሪኝ።

አባትሽ